ትረካ፣ እውነታዊነትና ፆታ በዓለም ሲኒማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊልም ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ፊልም ማጥናት ሲጀምሩ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። እዚህ የሰበሰብኩት ደጋግሜ የሰማኋቸውን ነው። አንዳንዱ በሁለት መስመር ይመለሳል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን መጨረሻ ሳልደብቅ ስለምናገር፣ አስቀድሞ ማየት የሚፈልግ ሰው ይጠንቀቅ።

ትረካ፣ እውነታዊነትና ፆታ ለምን በአንድ ላይ ይጠናሉ? ሦስት የተለያዩ ርእሶች አይደሉም?

ወረቀት ላይ ሦስት ናቸው፤ ፊልሙ ውስጥ ግን አይነጣጠሉም። ትረካ ምርጫ ነው፤ ከሰው ኑሮ ውስጥ ይህን እናሳይ፣ ያንን እንዝለል ይላል። እውነታዊነት የተመረጠውን ይዞ «ኑሮ ማለት ይኸው ነው» ብሎ ይሟገታል። የፆታ ጥያቄ የሚነሣው ይሄኔ ነው፦ የተዘለለው የማን ሰዓት ነው?

በ1948 የወጣውን የቪቶሪዮ ዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» እንይ። ሥራ ፈትቶ የከረመው አንቶኒዮ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። መላ የምትፈጥረው ሚስቱ ማሪያ ናት። የአልጋውን አንሶላ ገፍፋ፣ አጥባ፣ ጠቅልላ ወስዳ ታስይዛለች። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ ጥቅሉን ይዞ መደርደሪያውን እንደ መሰላል ሲወጣው እናያለን፤ ወደ ላይ የተቆለለው ሁሉ የሌላ ቤተሰብ አንሶላ ነው። ስለ ድህነት ይህን ያህል የሚናገር ቀረጻ ብዙ አላየሁም።

ከዚያ አንቶኒዮ ሥራ ይጀምራል፤ የሆሊውዷን ኮከብ የሪታ ሄይወርዝን ፖስተር ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ ብስክሌቱ ይሰረቃል። ማሪያ የዚያን ዕለት ማታ ለአፍታ ብቅ ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ፊልሙ የአባትና የልጅ ፍለጋ ይሆንና እሷን አናያትም። ይህን የማነሣው ፊልሙን ለመክሰስ አይደለም፤ እጅግ ከምወዳቸው አንዱ ነው። ግን «ባልና ልጅ ሮማን ሲያስሱ በዋሉበት እሑድ ማሪያ ምን ስትሠራ ዋለች?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ትምህርቱ ገብቶታል።

«የዓለም ሲኒማ» ሲባል ሆሊውድ አይገባበትም?

አጠራሩ ከገበያ የመጣ ነው፤ እንግሊዝኛ የማይናገረውን ፊልም ሁሉ በአንድ ጆንያ ይከታል። ሉሲያ ናጊብ የተባለች ምሁር በ2006 በወጣ ጽሑፏ፣ የዓለም ሲኒማን «ሆሊውድ ያልሆነ» ብሎ መተርጎም ሆሊውድን መሀል አስቀምጦ ሌላውን ዳር ማቆም ነው ብላ ተከራክራለች። እስማማለሁ። ሆሊውድም የራሱ ልማድና የራሱ ክልከላ ያለው አንድ ሰፈር ነው፤ ሰፊ ሰፈር ቢሆንም።

በታሪክና በትረካ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ታሪኩ የሆነው ነገር ነው፣ በሆነበት ቅደም ተከተል። ትረካው ፊልሙ ያንን የሚያቀርብበት መንገድ ነው፦ ከየት ጀመረ፣ ምን ደበቀ፣ በማን ዓይን አሳየ፣ ስንት ደቂቃ ሰጠው። ልዩነቱን ያጎሉት ፎርማሊስቶች የሚባሉት የሩሲያ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ዴቪድ ቦርድዌል በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ ለፊልም ጥናት ዋና መሣሪያ አድርጎታል።

ተማሪ በብዛት የሚያተኩረው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ወደ ፊት ሄደ። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ዝላዩ ነው። ያሱጂሮ ኦዙ በ1949 የሠራው «የጸደይ ማብቂያ» ከዳር እስከ ዳር ስለ ጋብቻ ነው። ኖሪኮ ሚስቱ ከሞተችበት አባቷ ጋር ትኖራለች፤ አክስት ትመጣለች፣ «ዕድሜሽ እያለፈ ነው» ትባላለች፣ በመጨረሻ እሺ ትላለች። ሙሽራው አንድም ጊዜ አይታይም። ሠርጉም የለም። ኖሪኮን የሙሽራ ልብስ ለብሳ እናያታለን፤ ከዚያ ወደ ማብቂያው አባትየው ባዶ ቤት ተቀምጦ ፖም ሲልጥ ቆይቶ አንገቱን ይደፋል። ሁለት ሰዓት ሠርግ ሲወራ ቆይቶ ሠርግ የሌለበት ፊልም! ሙሽራውን ማን ቢሆን ግድ አይሰጠንም ያለው ዳይሬክተሩ ነው፤ ያለውም በመቁረጫው ነው።

ሌላ ዓይነት ችግር የሚያመጣው የ1950ው የአኪራ ኩሮሳዋ «ራሾሞን» ነው። አንድ ሳሙራይ ሞቷል፣ ሚስቱ ተደፍራለች፤ ሽፍታው፣ ሚስቲቱ፣ ሟቹ ራሱና እንጨት ቆራጩ አራት የማይገጥም ቃል ይሰጣሉ። ብዙ ሰው «እውነት አንጻራዊ ናት» ብሎ እዚህ ላይ ያቆማል። ቆም ሳይሉ ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛ፣ ዳኛው አይታይም፤ መስካሪዎቹ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ስለሚናገሩ ችሎቱ ላይ የተቀመጥነው እኛ ነን። ሁለተኛ፣ ሟቹ ቃሉን የሚሰጠው በአንዲት መናፍስት ጠሪ ሴት አፍ ነው፤ የሞተ ወንድ እንኳ የሚናገርበት የሴት አካል አያጣም። የተደፈረችው ሴት ግን ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው ስትሻገር ጠባይዋ ይለዋወጣል፦ አንዴ ነበልባል፣ አንዴ ተሰባሪ፣ አንዴ ከሐዲ። እሷ ራሷ የተሰረቀች ብስክሌት ሆናለች፤ ወንዶቹ ይፈልጓታል፣ ይጣሉባታል፣ ይተዋታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተዘለለ ሁሉ ምስጢር የለውም። አንዳንዱ ገንዘብ አልቆ ወይም ዝናብ መጥቶ የቀረ ነው።

እውነታዊ ፊልም ሕይወትን እንዳለ የቀረጸ ፊልም ማለት ነው አይደል?

አይደለም። ካሜራ በቆመበት ቦታ ሁሉ ሰው መርጦ ያቆመው ነው። እውነታዊነት ስልት ነው፤ እንደ ማንኛውም ስልት ይሠራል፣ ይለመዳል፣ ያረጃል።

የጣሊያን ኒዮሪያሊዝም («አዲስ እውነታዊነት»፣ እንደ «የብስክሌት ሌቦች» ያሉ ፊልሞች የሚመደቡበት) ብዙ ጊዜ «ያለ ስቱዲዮ፣ ያለ ተዋናይ፣ መንገድ ላይ» እየተባለ ይጠራል። መንገድ ላይ መውጣቱ በከፊል የችግር ልጅ ነበር፤ የሮማው ትልቅ ስቱዲዮ ቺነቺታ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስደተኞች መጠለያ ሆኖ ነበር። ቀሪው አባባል ግን ሲመረመር ይላላል። የ1945ቱ የሮቤርቶ ሮሴሊኒ «ሮማ ክፍት ከተማ» ዋና ሰዎች አና ማኛኒና አልዶ ፋብሪዚ ሕዝብ የሚያውቃቸው ተዋንያን ነበሩ። ድምጹም በዘመኑ የጣሊያን ልማድ መሠረት በአብዛኛው በኋላ ተቀድቶ የሚለጠፍ ነበር፤ ያ «ጥሬ» የሚባለው ጎዳና የሚያወራው በስቱዲዮ ድምጽ ነው። ዴ ሲካ አንቶኒዮን ኬሪ ግራንት ቢሠራው ገንዘብ እንደሚሰጠው ከአሜሪካ ተነግሮት እምቢ ብሎ ላምቤርቶ ማጆራኒ የተባለ የፋብሪካ ሠራተኛ መውሰዱ ይተረካል። ይህም ቢሆን ምርጫ ነው። የማጆራኒ አረማመድና ትከሻ ምን እንደሚሠራ ዴ ሲካ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ራሱም ዝነኛ ተዋናይ ነበር።

እንግዲህ እውነታዊነት ምኑ ላይ ነው? አንድ ትዕይንት ልጥቀስ። በ1952 ዴ ሲካና ጸሐፊው ቼዛሬ ዛቫቲኒ «ኡምቤርቶ ዲ» ውስጥ አንዲት ወጣት የቤት ሠራተኛ ማለዳ ስትነሣ ያሳያሉ። ስሟ እንደ አንቶኒዮ ሚስት ማሪያ ነው። እንቅልፏ ሳይለቃት ኩሽና ትገባለች፣ ክብሪት ትጭራለች፣ ግድግዳው ላይ የሚርመሰመሱትን ጉንዳኖች በውኃ ታባርራለች፣ ቡና ልትፈጭ ትቀመጣለች። እንደተቀመጠች እግሯን ዘርግታ በጣቷ ጫፍ በሩን ለመዝጋት ትሞክራለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷን ታያለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ መፍጨቷን ግን አታቆምም። በታሪኩ አካሄድ ከተመዘነ በእነዚህ ደቂቃዎች ምንም አልተፈጠረም። ፈረንሳዊው ሃያሲ አንድሬ ባዛን ስለዚህ ትዕይንት በአድናቆት የጻፈው ለዚህ ነው፤ ፊልሙ የልጅቷን ማለዳ ለሌላ ክስተት መሸጋገሪያ አላደረገውም። ጊዜዋን እንደ ጊዜ ቆጠረላት። እኔ እውነታዊነትን ለማስረዳት ስሞክር ከጎዳናውና ከብስክሌቱ ይልቅ ያቺን የእግር ጣት አስቀድማለሁ።

ስልቱ ብዙ አገር ዞሯል። ሳትያጂት ሬይ «የብስክሌት ሌቦች»ን በ1950 ለንደን ውስጥ አይቶ በ1955 «ፓቴር ፓንቻሊ»ን አወጣ። በ1995 ዴንማርካውያን ደግሞ እውነታዊነትን አሥር ትእዛዝ አድርገው ጻፉት፤ ካሜራ በእጅ ይያዝ፣ ሙዚቃ ከውጭ አይጨመር እያሉ። እውነትን በሕግ ለማስከበር መነሣታቸው ግማሽ ቀልድ ነበር፤ ሆኖም ጥሩ ጥሩ ፊልሞች ወልዷል።

ሳንሱር ባለበት አገር የተሠራ ፊልም እንዴት «እውነታዊ» ይባላል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ በኢራን ፊልሞች ሴት ተዋንያን ፀጉራቸውን መሸፈን ግዴታ ሆነ። ገጸ ባሕርይዋ በራሷ ቤት ከባሏ ጋር ብትሆንም፣ ተዋናይቱን የሚያያት ተመልካች ባዕድ ነውና። የሚወጣው ሥዕል እንግዳ ነው፤ ሴትዮዋ ጓዳዋ ውስጥ ሻሽ እንዳሰረች ታበስላለች፣ ሻሽ እንዳሰረች ትተኛለች። እቤቱ እንዲህ የሚኖር እንደሌለ ዳይሬክተሩም ያውቃል፣ ተመልካቹም ያውቃል።

እውነቱን መያዝ የፈለገ ዳይሬክተር ምን ያድርግ? አንዱ መውጫ ታሪኩን ከቤት ማስወጣት ነው፦ መንገድ፣ መስክ፣ መኪና። መኪና ደግ መላ ነው፤ ውስጡ እንደ ቤት ገመና ይወራበታል፣ መስታወቱ ግን ለአደባባይ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ሻሹ አያስዋሽም። አባስ ኪያሮስታሚ በ2002 «አሥር»ን ሲሠራ መኪና ውስጥ ሁለት ዲጂታል ካሜራ አስሮ አንዷን ሴት ሹፌር ከተሳፋሪዎቿ ጋር አሥር ጊዜ አነጋገራት። በመጀመሪያው ክፍል ትንሹ ልጇ አባቱን ስለፈታችው ይጮኽባታል፤ ካሜራው ለረጅም ደቂቃ ልጁ ላይ እንደተተከለ ይቆያል፣ የእናትየው ድምጽ ብቻ ይሰማል። ልጁ ወርዶ ሲሄድ ነው ፊቷን የምናየው። ያን ሁሉ ጊዜ ስትወቀስ የሰማናትን ሴት በልባችን ስለን ነበር፤ ፊቷ ሲመጣ ሥዕላችን ይፈርሳል። ወደ ኋላ ላይ ደግሞ አንዲት ተሳፋሪ ሻሿን ታንሸራትተዋለች፤ ፀጉሯ ተላጭቷል። ክልከላው ስለ ፀጉር ነበር።

ሆሊውድም ከዚህ ነጻ አይደለም። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ሲሠራበት ቆይቶ በ1968 በቀረው የምርት ደንብ፣ ማለትም ሆሊውድ በራሱ ፊልሞች ላይ ባወጣው የክልከላ ሕግ ዘመን ባልና ሚስት በተለያየ አልጋ ተኝተው ማየት የተለመደ ነበር። ያንን «እውነታዊ አይደለም» ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው፤ ለምደነዋላ።

«የወንድ ዓይን» የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

የፊልም ምሁሯ ሎራ መልቪ በ1975 «ስክሪን» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣችው ጽሑፍ ሲኒማ ውስጥ ሦስት ዕይታዎች እንዳሉ አሳየች፦ የካሜራው፣ የተመልካቹና ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርስ የሚተያዩበት። በክላሲክ ሆሊውድ ሦስቱም በወንድ በኩል ይደረደራሉ፤ ወንዱ ያያል፣ ታሪኩንም ይነዳል። ሴቷ ትታያለች፣ እሷ ስትታይም ታሪኩ ቆሞ ይጠብቃል። ማረጋገጥ ከፈለጉ አንዲት ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ ካሜራው ከየት እንደሚጀምር ልብ ይበሉ፤ ከእግሯ ነው ከፊቷ? ያ ዕይታ ደግሞ ከታሪኩ ሰዎች የማን ነው?

በአማርኛ ስንጽፍ ነገሩ ሰዋስው ውስጥ ተቀብሮ እናገኘዋለን። «ተመልካቹ ያያል፣ ይደነግጣል» እንላለን፤ አሁን እኔም ከላይ እንዲሁ ብዬ አልፌያለሁ። ተመልካቿስ? ግሳችን ወይ ወንድ ወይ ሴት ካላደረገ አይንቀሳቀስም፤ ዝም ካልነውም ወንድ ያደርጋል። ይህን ገጽ በ«እርስዎ» የጻፍኩት ከአክብሮቱ ሌላ «አንተ» ወይም «አንቺ» ከማለት ስለሚገላግለኝ ነው።

መልቪን ካነበቡ አሜሪካዊቷን ጥቁር ጸሐፊ ቤል ሁክስንም ያንብቡ። በ1992 ባወጣችው መጽሐፍ ውስጥ፣ የነጭ ሴት ውበት ብቻ በሚሰገድለት ስክሪን ፊት የተቀመጠች ጥቁር ሴት ከማን ጋር ራሷን ታዛምድ ብላ ጠየቀች። ብዙዎቹ ከማንም ጋር ስለማይዛመዱ የሚተች፣ የሚቋቋም ዓይን አዳብረዋል፤ ደስታቸውም እዚያው መመርመሩ ውስጥ ነበር ትላለች።

ዕይታ ሲገለበጥ ማየት ለሚፈልግ የአኜስ ቫርዳ የ1962 «ክሌኦ ከ5 እስከ 7» አለ። ዘፋኟ ክሌኦ የሕክምና ውጤት እየጠበቀች ፓሪስ ውስጥ ትዞራለች፤ ፊልሙ 90 ደቂቃ ነው፣ ሰዓቱም ከእሷ ሰዓት ጋር አብሮ ይሄዳል። በመጀመሪያው አጋማሽ መስታወት በተገኘበት ሁሉ ራሷን ታያለች፣ ሰውም ያያታል። መሀል ላይ ሰው ሠራሽ ፀጉሯን መንጭቃ ትጥላለች፣ ጥቁር ልብስ ለብሳ ብቻዋን ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ካሜራው የሚያሳየን እሷ የምታየውን ነው፦ የመንገደኛውን ፊት፣ እንቁራሪት የሚውጠውን የጎዳና ተርኢት አሳዪ። ቀረጻ በቀረጻ ቆጥሮ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

የቤክደል ፈተና አይበቃም?

አይበቃም፤ ለብቻውም እንዲበቃ አልተሠራም። አሊሰን ቤክደል በ1985 በሣለችው የካርቱን ክፍል አንዲት ሴት፣ ቢያንስ ሁለት ሴቶች ያሉበት፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትና የሚያወሩትም ስለ ወንድ ያልሆነ ፊልም ካልሆነ አላይም ትላለች። ቁምነገር ያለው ቀልድ ነው። አንድን ዘመን ወይም አንድን ኢንዱስትሪ በጅምላ ለመመዘን ይረዳል፤ አንድን ፊልም ለማንበብ ግን ወንፊቱ ሰፊ ነው።

የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን በ1966 ያወጣውን «ላ ኑዋር ደ…» እንፈትነው። ዲዋና ልጆች ለመጠበቅ በፈረንሳውያን ቤት ተቀጥራ ከዳካር ወደ አንቲብ ትሄዳለች፤ ስትደርስ ግን ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ትጠብቃታለች። አሠሪዋና እሷ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ይነጋገራሉ፣ ወሬያቸውም ስለ ወንድ አይደለም፦ ቡና አፍዪ፣ መታጠቢያ ቤቱን አጽጂ፣ ያንን ባለ ተረከዝ ጫማ አውልቂ። ፊልሙ ፈተናውን የሚያልፈው በጭካኔው ነው! ስም ያላቸው ሴቶች ይሁኑ የሚለው ኋላ የተጨመረ መስፈርት ቢያዝ ደግሞ ሊወድቅ ነው፤ አሠሪዋ «ማዳም» ብቻ ናት።

መመዘን ያለበት ሌላ ነው፦ ድምጿ። ዲዋና አፏን ስትከፍት «እሺ ማዳም፣ እሺ ሙሴ» ትላለች፤ ውስጧ ግን ሳያቋርጥ ይናገራል፣ በጠራ ፈረንሳይኛ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ምቢሲን ቴሬዝ ጆፕ ናት፤ የምንሰማው ድምጽ የሌላ ተዋናይት ነው። ከእናቷ ደብዳቤ ሲመጣ መጻፍ ስለማትችል የማዳም ባል መልሱን በስሟ መጻፍ ይጀምራል፤ እሷ ደብዳቤውን ትቀድደዋለች። ሰው በስምሽ ሲጽፍልሽ ምን ይባላል? ውክልና ነው የሚባለው። በዚህ ትምህርት ቀኑን ሙሉ የምንጠራው ቃል እዚያ ወረቀት ላይ ተቀድዶ ወድቋል።

«ዣን ዲልማን» ውስጥ ምንም አይፈጠርም። ለምን ይህን ያህል ይወደሳል?

ቅሬታውን አልንቀውም፤ ሦስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ሳየው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ነበር። ሻንታል አከርማን በ1975 ስታወጣው 25 ዓመቷ ነበር። ብራስልስ ውስጥ የምትኖር ባሏ የሞተባት እናት ሦስት ቀን ትውላለች፦ አልጋ ታነጥፋለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ድንች ትልጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ገንዘብ የሚከፍሉ ወንዶችን ትቀበላለች። ካሜራው አይጠጋም፣ አይንቀሳቀስም።

ዝላዩ የት እንዳለ ይፈልጉ። ሌላ ፊልም ቢሆን ድንቹን ዘልሎ መኝታ ቤቱን ያሳይ ነበር። አከርማን ገልብጣዋለች፤ በመጀመሪያው ቀን ሰውየው ከገባ በኋላ በሩ ይዘጋል፣ መተላለፊያው ላይ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ በሩ ይከፈታል። አለቀ። ድንቹ ግን ሙሉ ሰዓቱን ያገኛል። በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከመጠን በላይ ይበስላል፤ ዣን ድስቱን ይዛ ወዴት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት ከክፍል ክፍል ትዞራለች። አንድ ሰዓት ተኩል የተስተካከለውን ሲያይ የቆየ ሰው እዚያች ድስት ላይ ልቡ ይመታል፤ የሕይወቷ ሥርዓት ሲሰነጠቅ በዓይኑ አይቷል። በሦስተኛው ቀን ከደንበኞቿ አንዱን ትገድላለች፤ ለኔ ግን ድስቱ ይበልጥ ያስፈራል።

«ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በየአሥር ዓመቱ የሃያስያንን ድምጽ ይሰበስባል። በ1952 አንደኛ የወጣው «የብስክሌት ሌቦች» ነበር፤ በ2022 «ዣን ዲልማን» ወጣ፣ በሴት ዳይሬክተር የተሠራ ፊልም ደረጃውን ሲይዝ የመጀመሪያው ሆኖ። ማሪያ ከታሪኩ የወጣችበትና ማሪያ ቡና የፈጨችበት ዓመታት ከዚህ ድንች ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው አስቤ አልጠገብኩም።

ሴት የሠራችው ፊልም ሁሉ የሴት አንጻር አለው?

የለውም። የዳይሬክተሯ ፆታ ጥያቄ ይከፍታል እንጂ መልስ አይሆንም። ሆኖም ማን ካሜራ እንዳገኘና መቼ እንዳገኘ ማወቅ ግድ ነው፤ የሴኔጋሏ ሳፊ ፋይ በ1975 የሠራችው ፊልም ከሰሐራ በታች ባለች አፍሪካዊት ሴት ተሠርቶ ለንግድ የተከፋፈለ የመጀመሪያው ሙሉ ርዝመት ፊልም ተብሎ ይመዘገባል። ሲኒማ ለሕዝብ መታየት ከጀመረ 80 ዓመት ሊሞላው ነበር።

ፆታ ሲባል ስለ ሴቶች ብቻ ነው?

በፍጹም። አንቶኒዮ ልጁን በጥፊ የሚመታው መቼ ነው? ብስክሌት ያጣ አባት መሆኑ በልጁ ዓይን ሲታየው ነው። ወደ ማብቂያው እሱም ብስክሌት ሊሰርቅ ሞክሮ ልጁ ፊት ይያዛል፤ ሲለቁት ያለቅሳል፣ ትንሹ ብሩኖ እጁን ይይዘዋል። ወንድነት እንጀራ ማምጣት ከሆነ እንጀራው ሲጠፋ ምን ይቀራል? ፊልሙ ይህን እስከ ጥግ ያጠናል፤ ለማሪያ ያልሰጠውን ለአባትየው ሰጥቷል ማለት ነው።

የማላውቀውን ባህል ፊልም የመተቸት መብት አለኝ?

መብቱ አለዎት፤ ችኮላው ነው የሚጎዳው። ቻንድራ ሞሃንቲ በ1980ዎቹ በጻፈችው ታዋቂ ጽሑፍ፣ የምዕራብ ሴታውያን (ፌሚኒስቶች) ጥናቶች «የሦስተኛው ዓለም ሴት» የሚባል አንድ ወጥ ተጨቋኝ ፈጥረዋል ብላ ተችታለች። ሻሽ ያየ ሁሉ «ጭቆና» ብሎ ከጻፈ፣ ኪያሮስታሚ በሻሹ የሠራው ሥራ አምልጦታል።

ቋንቋውም ይመርምሩ። የሴምቤን ፊልም ርእስ በ«ደ…» ተንጠልጥሎ ያልቃል፤ ፈረንሳይኛው «የእገሌ የሆነች» ወይም «ከእንዲህ ያለ ቦታ የመጣች» ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው ርእስ ይህን ጥሎታል። የእኛ «የ» ግን ሁለቱንም ይሸከማል፦ የዳካር፣ የማዳም። የግርጌ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ምን እንደተጣለበት ቢጠይቅ አይከፋም።

ፊልሙን ስንት ጊዜ ልየው? ምንስ ልጻፍ?

ቢያንስ ሁለቴ። መጀመሪያ ያለ እስክሪብቶ፣ እንደ ሰው። ሁለተኛ ጊዜ አንድ የአምስት ደቂቃ ትዕይንት መርጠው ቀረጻ በቀረጻ ይመዝግቡ፦ እያንዳንዱ ያልተቆረጠ ቀረጻ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ካሜራው የት ቆመ፣ ማን ማንን አየ፣ ማን ተናገረ፣ ማን እየሠራ ዝም አለ። ከዚያ ድምጹን አጥፍተው አንድ ጊዜ፣ ምስሉን ሸፍነው አንድ ጊዜ። አሰልቺ ነው። ግን ያየን የመሰለንና ያየነው የማይገጥሙት እዚህ ላይ ነው፤ «ብዙ ታወራለች» የተባለች ገጸ ባሕርይ ቃሎቿ ሲቆጠሩ ከወንዱ እኩሌታ የማይሞሉበት ጊዜ አለ።

«ታሪኩን ነው የነገርከኝ» ተብዬ ወረቀቴ ተመለሰ። ምን ላድርግ?

የኔ የመጀመሪያ ወረቀት ላይ መምህሬ የጻፈው አስተያየት ሦስት ቃል ነበር፦ «ፊልሙን እኔም አይቼዋለሁ።» ስድስት ገጽ ሙሉ ማን ምን እንዳደረገ ተርኬ፣ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ሴቶች ተጨቁነዋል» ብዬ ዘግቼ ነበር።

መድኃኒቱ ከትንሽ ነገር መጀመር ነው። ከአንድ ቀረጻ፣ ከአንድ ዝላይ፣ ከአንድ ዕቃ። «ጨቋኝ»፣ «አዎንታዊ ምስል»፣ «ጠንካራ ሴት» የሚሉትን ቃላት ለጊዜው ከጠረጴዛው ላይ ያንሡ፤ ያላዩትን ነገር ያየን ያስመስላሉ። ፊልሙ የሚያደርገውን በግስ ይጻፉ፦ ይቆርጣል፣ ይጠብቃል፣ ይሸፍናል፣ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነው መልቪም ሁክስም የሚጠሩት፤ ያዩትን ለማስረዳት እንጂ እንዲያዩልዎ አይደለም።

እኔ ወረቀቱን ደግሜ ስጽፍ የጀመርኩት እንዲህ ነበር፦ «ማሪያ አንሶላውን ከአልጋው ስትገፍፍ ካሜራው ከእሷ ጋር ክፍሉ ውስጥ ነው፤ አንሶላው መደርደሪያው ላይ ሲወጣ ግን ካሜራው የሚከተለው አንሶላውን ነው።»